ቀኑን መጻፍና ዕለቱን ማየት

ባለፈው ዓመት ነሐሴ 10 ቀን፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ግድም፣ አንድ ሽማግሌ ባላገር ጉዳይ ይዘው ከምንሠራበት ቢሮ ገቡ። ጋቢያቸው በዝናም ርሷል፤ እግራቸው ጭቃ ነው። ያመጡት ጉዳይ ከባድ አልነበረም፤ አንድ ወረቀት ከመዝገብ ቤት ተፈልጎ ወጥቶ፣ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው አልፎ የሚፈረምበት ነገር ነው። እኛም ማመልከቻቸውን ተቀብለን፣ ቀኑን በማኅተም መታንበትና እንደ ልማዳችን «አባቴ፣ ነገ ይመለሱ» አልናቸው። እርሳቸው ግን ቶሎ አልተነሡም። በመስኮቱ አሻግረው ሰማዩን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ዕጓለ ቋዓት ገባ። የጤፌ ማሳ ታርሶ ይጠብቀኛል፤ እናንተ ነገ የምትሉት ቀን ለእኔ ብዙ ነው» አሉን።

የተናገሩት ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ አላወቅነውም ነበር፤ ለመጠየቅም ጊዜ አልሰጠንም። በዚያ ዕለት «ነሐሴ 10 ቀን» የሚለውን ጽሕፈት ከሃምሳ በማያንስ ደብዳቤ ላይ መትተናል፤ ዕለቱን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለን አላየነውም። ሽማግሌው አራት ቀን ተመላለሱ። ወረቀታቸው ሲያልቅ አመስግነው ሄዱ፤ አራት ቀን ሳይዘራ የዋለው ማሳቸው ግን እስከ ዛሬ ከሐሳባችን አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም፤ ይኸውም፣ ሰው በዛሬው ዕለት ውስጥ ይኖራል ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ነው። በዘመናችን «ዛሬን ኑር» የሚለው ምክር በየመጽሐፉና በየንግግሩ ይሰማል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ዕረፍትን፣ ከሥራ መሸሽን፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሐሳብን መርሳትን በሚመስል መልክ ነው። የታሪክ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። ወደ ተፈጥሮ ተጠግተው ዕለታቸውን በእውነት የኖሩ ሰዎች ሥራ ፈቶች አልነበሩም፤ ዐይናቸውን፣ እግራቸውንና ብዕራቸውን በየቀኑ ያደከሙ ሰዎች ነበሩ። ዛሬን በሚገባ በማስተዋላቸውም፣ ሳያስቡት፣ ለነገ ሰው የሚጠቅም ምስክር ትተው አልፈዋል። ይህን የሚያስረዳ የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ ስላለ፣ ከእርሱ ጀምረን ወደ አገራችን እንመለሳለን። የውጭውን አገር ታሪክ የምንናገረው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1817 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ እርሳስ ሠሪ ነበረ። ልጁ በሐርቫርድ ኮሌጅ ተምሮ በ1837 ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ዓመት በአስተማሪነት ሠራ፤ ከአባቱ ጋር ሆኖ የእርሳሱን ጥራት አሻሻለ፤ በኋላም በመሬት ቀያሽነት እንጀራውን በላ። ከሁሉ አብልጦ ይወደው የነበረው ወንድሙ ጆን በ1842 ምላጭ ሲስል ጣቱን ቈርጦት በያዘው መንጋጋ ቈልፍ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተበት። ያ ሐዘን ገና ሳይሽር፣ በ1844 በአፕሪል ወር መጨረሻ፣ ቶሮ ከአንድ ጓደኛው ጋር ዓሣ አጥምዶ በወንዝ ዳር ለምሳ እሳት ሲያነድ፣ እሳቱ ወደ ደረቁ ሣር ዘለለ። ከዚያም ወደ ጫካው ገብቶ ከሦስት መቶ ኤከር በላይ፣ በእኛ ልኬት ሦስት ጋሻ የሚያህል ደን በላ። የከተማው ሰው ለብዙ ዘመን ከኋላው «ደን አቃጣይ» እያለ ይጠራው ነበር። እርሱም ነገሩን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ለመጻፍ የደፈረው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የምናወሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ቶሮ የተፈጥሮ ወዳጅ ሆኖ የተወለደ፣ ስሕተት የማያውቅ መናኝ እየመሰለ የሚነገርለት ጊዜ ብዙ ነው። እውነቱ ግን፣ ወደ ጫካ የገባው ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ጫካ ያቃጠለ ሰው ነው። አለማስተዋል ምን እንደሚያጠፋ በገዛ እጁ ያውቀው ነበር።

በ1845 ዓ.ም. በማርች ወር መጨረሻ ቶሮ መጥረቢያ ተውሶ ከኮንኮርድ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ዎልደን ሐይቅ ሄደ፤ ከዳርቻውም የጥድ ዛፍ ይቈርጥ ጀመር። መሬቱ የወዳጁ የታወቀው ጸሐፊ የራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ነበረ። ሳንቃውን ከአንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ አሮጌ ጐጆ ገዝቶ፣ ወርዱ ዐሥር፣ ቁመቱ ዐሥራ አምስት ጫማ የሆነ ቤት ሠራ። ለቤቱ ያወጣው ገንዘብ በጠቅላላው 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነበር፤ ይህንንም እስከ ሚስማሩ ድረስ ዘርዝሮ ጽፎታል። ጁላይ 4 ቀን 1845 ገባበት፤ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን ኖሮበት ሴፕቴምበር 6 ቀን 1847 ወጣ።

በዚያ ቤት ሲኖር ሥራ አልፈታም። አንድ ሄክታር የሚያህል መሬት ቈፍሮ ባቄላ ዘራ፤ በመጀመሪያው ዓመት ወጪና ገቢውን ሲያስብ 8 ዶላር ከ71 ሳንቲም ተኩል ትርፍ አገኘ። ስለ ሟቹ ወንድሙና ስለ እርሱ የወንዝ ጕዞ የሚተርክ መጽሐፍ የጻፈውም በዚያ ነው። በሐይቁ አጠገብ አዲስ የተሠራ የባቡር ሐዲድ ያልፍ ስለ ነበር የፉጨቱ ድምፅ ከጐጆው ይሰማ ነበር። ቶሮ እንደ ታዘበው፣ ገበሬዎቹ ሳይቀሩ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በባቡሩ ፉጨት ነበር። እንግዲህ ሁለት ዐይነት ጊዜ በዚያ ሐይቅ ዳር ጐን ለጐን ይሄዱ ነበር ማለት ነው፤ አንዱ ፉጨት የሚቈጥረው፣ ሁለተኛው ፀሐይና ውርጭ የሚቈጥሩት ጊዜ ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለእኛ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠን ሐይቁን የለካበት ነው። የአካባቢው ሰው ዎልደን መጨረሻ የለውም፣ ጥልቀቱ አይደረስበትም እያለ ያወራ ነበር። ይህን ወሬ አባት ለልጅ አውርሶታል፤ ጥልቀቱን በትክክል ለክቶ ያወቀ ግን አልነበረም። በ1846 መጀመሪያ፣ ሐይቁ በብርድ ረግቶ ሰው በላዩ የሚሄድበት ወራት ሲሆን፣ ቶሮ ኮምፓስና የመቀየሻ ሰንሰለት ይዞ ወጣ። በረዶውን በየቦታው እየበሳ፣ ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ከመቶ ጊዜ በላይ ወደ ታች ላከ። ከሁሉ የሚጠልቀው ስፍራ 102 ጫማ፣ ማለት 31 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። በዘመናችን በረቀቀ መሣሪያ የተለካው ልክ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ሐይቁ ወሰን ስለ ተገኘለት ውበቱ አልቀነሰም። ከሕልም ወጥቶ በእውነት የሚታይ ሐይቅ ሆነ እንጂ።

ቶሮ ከጐጆው ከወጣ በኋላ የዓለም ክብር አልጠበቀውም። ስለ ወንዙ ጕዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1849 አንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ፣ ከአራት ዓመት በኋላ 706 ቅጂ ሳይሸጥ ተመለሰለት፤ እርሱም ተሸክሞ ከቤቱ ሰገነት ላይ ደረደረው። ስለ ሐይቁ ኑሮው የጻፈው «ዎልደን» በ1854 ወጣ። በዚያ ኑሮ ላይ ሳለ ባርነትን ለሚደግፍ መንግሥት ግብር አልከፍልም ብሎ አንዲት ሌሊት በመታሰሩ ምክንያት የጻፈው ድርሰትም ኋላ በጋንዲና በማርቲን ሉተር ኪንግ ዘንድ የታወቀ ሆኗል። ይህ ሁሉ በሰፊው የተነገረ ስለ ሆነ እናልፈዋለን። ያልተነገረው፣ ወይም ሲነገር የማይደመጠው፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሠራው ጸጥተኛ ሥራ ነው።

ቶሮ ከ1837 እስከ 1861 ሁለት ሚሊዮን ቃል ያህል የያዘ የዕለት ማስታወሻ ጽፏል። በቀን አራት ሰዓት ያህል በእግሩ ይሄድ ነበር። በባርኔጣው ውስጥ ቅጠልና አበባ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ሠርቶ ነበር። ከ1852 እስከ 1858 ባሉት ዓመታት፣ በኮንኮርድ ዙሪያ ከሚበቅሉት ዕፀዋት ከ500 የሚበልጡት ዐይነቶች በየዓመቱ የመጀመሪያ አበባቸውን የሚከፍቱበትን ቀን ለመያዝ ደከመ። አራትና አምስት ማይል ርቃ የምትገኝ አንዲት ተክል የምትፈካበትን ቀን በትክክል ለማወቅ፣ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ያህል የተመላለሰበት ጊዜ እንዳለ ራሱ ጽፏል። ጐረቤቶቹ ሥራ እንደ ፈታ ሰው ያዩት ነበር። የሐርቫርድ ምሩቅ ሆኖ አበባ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ለእነርሱ ምን ይባላል!

በዲሴምበር 1860 የተቈረጡ ዛፎችን ጕቶ እያየ ቀለበታቸውን ሲቈጥር ብርድ መታው። ከቀድሞም የሳንባ ነቀርሳ ነበረበትና አልዳነም። በመጨረሻው ጊዜው እንኳ፣ በዓመቱ ወራት ያየውን ሁሉ በሰንጠረዥ ለማስፈር ሲደክም ቈይቶ ሳይጨርሰው ቀረ። በሞት አፋፍ ላይ ሳለ አንድ ሰው ስለሚመጣው ዓለም ቢጠይቀው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ዓለም ይበቃል ሲል እንደ መለሰ ይነገራል። ሜይ 6 ቀን 1862 በ44 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ስለ አበቦቹ የጻፋቸው ወረቀቶች ምን ሆኑ? ከመቶ ዓመት በላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሥነ ጽሑፍ ቅርስ ተቈጥረው ተቀመጡ። ከቶሮ ሞት በኋላ፣ አልፍሬድ ሆስመር የተባለ የኮንኮርድ ባለ ሱቅ በ1878፣ ቀጥሎም ከ1888 እስከ 1902 ድረስ፣ እርሱም በፈንታው የአበባውን ቀን እየጻፈ ተወ። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሪቻርድ ፕሪማክና አብርሃም ሚለር ረሺንግ፣ የዓለም መሞቅ በአካባቢያቸው ምን እንዳደረገ ለማወቅ አሮጌ መዛግብት ሲፈልጉ እነዚህን ወረቀቶች አገኟቸው። ከ2004 እስከ 2006 ድረስ እነርሱም በዚያው ሜዳና ጫካ እየዞሩ የአበባውን ቀን ጻፉና ከቶሮ ጋር አስተያዩት። የመረመሯቸው የጸደይ አበቦች በአማካይ በሰባት ቀን ያህል ቀድመው የሚያብቡ ሆነው ተገኙ። በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ቶሮ ካያቸው ዕፀዋት ከመቶው 27ቱ ከኮንኮርድ ጨርሰው እንደ ጠፉ፣ 36ቱም ለመጥፋት እስኪቃረቡ ድረስ እንደ ተመናመኑ ታወቀ።

ነገሩን ልብ እንበለው። ቶሮ የጻፈው ለሃያ አንደኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት አልነበረም። ስለ ዓለም መሞቅ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። የፈለገው የዛሬዋን አበባ በዛሬዋ ዕለት ማየት ብቻ ነው። ነገር ግን ዛሬን ሳይሰለች ስላየ፣ ከ150 ዓመት በኋላ ለተነሣ ጭንቅ እውነተኛ ምስክር ሆኖ ቆመ። በዘመኑ ስለ ነገ ሲያቅዱና ሲናገሩ ከነበሩት ስንቶቹ ይህን ያህል ለነገ ጠቀሙ?

ይህ ዕጣ የቶሮ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሴልቦርን በምትባል መንደር ይኖር የነበረ ጊልበርት ኋይት የተባለ ቄስ ከ1751 ጀምሮ ስለ አትክልቱ፣ ከ1768 ጀምሮ ደግሞ እስከ ሞተበት እስከ 1793 ድረስ ስለ ወፉ፣ ስለ ዝናሙና ስለ ነፋሱ ይጽፍ ነበር። በዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ መስላ ትታየው የነበረች ትንሽ ወፍ በእውነት ሦስት ዐይነት መሆኗን የለየው፣ ዜማቸውን ደጋግሞ በመስማት ነው። በጃፓንም በኪዮቶ ከተማ፣ የቤተ መንግሥት ሰዎችና መነኰሳት የቼሪ ዛፍ የሚያብብበትን ቀን በየማስታወሻቸው ይጽፉ ስለ ነበር፣ ከ812 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቈጠር መዝገብ ሊሰበሰብ ተችሏል። በ2021 ዛፎቹ ማርች 26 ቀን በሙሉ ፈኩ። ይህ እስከዚያ ድረስ በ1200 ዓመት ውስጥ ከታወቁት ቀኖች ሁሉ የቀደመ መሆኑን ለማወቅ የተቻለው፣ በየዘመኑ አንድ ሰው ብዕር አንሥቶ «ዛሬ አበበ» ብሎ ስለ ጻፈ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። ቶሮ ሚስትና ልጅ የሌለው፣ በወዳጁ መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ቤተ ሰቦቹ ቤት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅበት ሰው ነበር፤ ሲያሻውም እየሄደ ከእነርሱ ጋር ይበላ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው አበባ መጠበቅ ቀላል ነው ሊባል ይቻላል። ይህ እውነት ነው፤ አንሸሽገውም። ድሀ ገበሬ ተፈጥሮን የሚያየው ሊደሰትባት ሳይሆን ሊበላባት ነው። ሆኖም ከዚህ ተቃውሞ የሚወጣው ትምህርት እኛን ወደ ሌላ ነገር ይመራናል። ዕለቱን ማየት የምቾት ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ምቾት የማያውቀው ገበሬያችን ከእኛ ከቢሮ ሰዎች ይልቅ ዕለቱን አብልጦ ባላወቀ ነበር።

ቶሮ ወደ ጐጆው የገባበት ጁላይ 4 ቀን 1845፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 28 ቀን 1837 ዓ.ም. ነበረ። አገራችን በመሳፍንት ተከፋፍላ በምትታመስበት በዚያ ዘመን፣ ያ ዕለት ክረምት በገባ በሦስተኛው ቀን የዋለ ነው። አባቶቻችን ዓመቱን መጸው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት ብለው በአራት ሲከፍሉት፣ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ያደርጉታል። ነገር ግን በዚህ አልቈሙም። ክረምቱን ራሱን ደግሞ ከፋፍለው ለየክፍሉ ስም አወጡለት፤ ይህም በቤተ ክርስቲያን የንባብና የዜማ ሥርዐት ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለው በአተ ክረምት ይባላል፤ ዘርዕና ደመናም ይሉታል። ዘር መሬት የሚገባበት፣ ደመና ሰማይን የሚሸፍንበት ነውና። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው መብረቅ፣ ነጐድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል እየተባለ ይጠራል። በዚህ ጊዜ ወንዙ ይሞላል፤ መንገደኛም ከወንዝ ማዶ ያድራል። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ ነው። ከነሐሴ 28 እስከ ጳጕሜን መጨረሻ ያለው ደግሞ ጎህ፣ ነግህ፣ ጽባሕ፣ ብርሃን፣ መዓልት ይባላል፤ ሰማዩ ጥቂት በጥቂት ሲገለጥ ስሞቹም እንደ ንጋት ደረጃ ተከታትለው ይመጣሉ። ከዚያም መስከረም በዮሐንስ ገብቶ በፍሬና በመስቀል ይከተላል።

የሽማግሌው ቃል ትርጕም የገባን ይህን ካወቅን በኋላ ነው። ዕጓለ ቋዓት ማለት የቍራ ጫጩቶች ማለት ነው፤ ምግብ ፈልገው ወደ ፈጣሪያቸው የሚጮኹት ጫጩቶች የሚታሰቡበት ወቅት ነው። ዐይነ ኵሉ ማለትም የሁሉ ዐይን ማለት ነው፤ የፍጥረት ሁሉ ዐይን ሲሳዩን ወደሚሰጠው ቀና ማለቱን ያመለክታል። ይህ ስም ለዚህ ወቅት ለምን እንደ ተገባው ለገበሬ መንገር አያሻም። በነሐሴ የአምናው እህል ከጐተራው ያልቃል፤ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። የተራበ ቤት ልጆች እንደ ቍራ ጫጩት አፋቸውን የሚከፍቱበት፣ የአባትና የእናት ዐይን ወደ ሰማይና ወደ ማሳ የሚያይበት ጊዜ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ደመናውን ብቻ ሳይሆን ጐረቤታቸውንም ያዩ ነበሩ። ያ ሽማግሌ «ዛሬ ዕጓለ ቋዓት ገባ» ሲሉን የነገሩን የቀን ስም ብቻ አልነበረም። ጐተራቸው ምን እንደሚመስል፣ ለመዝራት ስንት ቀን እንደ ቀራቸው፣ ስለ ምን እንደ ቸኰሉ ሁሉን በሁለት ቃል ነግረውናል። እኛ ግን ማኅተም በእጃችን ይዘን አልሰማናቸውም።

ጊዜን በገዛ አካል ማወቅም የአባቶቻችን ልማድ ነበር። ሰዓት ያልነበረው ሰው በፀሐይ ላይ ቆሞ፣ የጥላውን ርዝመት በገዛ ጫማው እየለካ ከቀኑ ስንት እንዳለፈ ያውቅ ነበር። ረጅም ሰው ጥላውም ረጅም ነው፤ እግሩም እንደዚያው ይረዝማልና ልኩ ብዙ አይዛባም። ይህን የሚያደርግ ሰው በአዲስ አበባ ሲኖር፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ግድም ፀሐይ በቀትር ከአናቱ በላይ እንደምትቆምና ጥላው ከእግሩ ሥር እንደሚገባ፣ በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላው ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ ሳያስተምሩት ያየዋል። እኛ ሰዓቱን ከእጅ ስልካችን ላይ በቀን መቶ ጊዜ እናነባለን። የገዛ ጥላችን ወደ ደቡብ የዞረበትን ቀን ግን ስንቶቻችን አይተነዋል?

ስለ መስቀል ወፍም እናንሣ። በመስከረም ብቻ ብቅ ብላ ዓመቱን ሙሉ እንደምትጠፋ ይነገርላታል፤ ዘመድ ሲጠፋም «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። የወፍ አዋቂዎች እንደሚያስረዱት ግን ወፉ የትም አይሄድም። ወንዱ በመራቢያው ወራት ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ወራቱ ሲያልፍ ያን ላባ ጥሎ ቡናማ ድንቢጥ መስሎ ከሌሎች መካከል ይኖራል። በጥቅምትም በየካቲትም በአጥራችን ላይ አለ። የጠፋው ወፉ ሳይሆን የእኛ ዐይን ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወጋነው፣ ሰው ሁሉ ቢሮውን ጥሎ ጫካ ይግባ ለማለት አይደለም። ቶሮ ራሱ ከጫካው ወጥቶ የቀረውን ዕድሜውን በከተማው ውስጥ ኖሯል፤ ከሁሉ የሚበልጠውንም ሥራውን የሠራው ከወጣ በኋላ ነው። እኛ የምንለው፣ ዕለትን ማየት እንደ ማንኛውም ሥራ የሚለመድና የሚሠራ ነገር መሆኑን ነው። ለዚህም ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። መምህራን በየትምህርት ቤቱ አንድ ደብተር ቢመድቡ፣ ተማሪዎችም በተራ በየቀኑ አንዳንድ መስመር ቢጽፉበት፣ የመጀመሪያው የበልግ ዝናም የጣለበት፣ አደይ አበባ የፈካበት፣ ከግቢው ዛፍ ላይ ወፍ ጐጆዋን የሠራችበት ቀን ተጽፎ ይቀመጣል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ደብተር ለአገር ምን እንደሚነግር ዛሬ አናውቅም። ቶሮም አላወቀም ነበር።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ግን ጥቅሙ ሃምሳ ዓመት የሚያስጠብቅ አይደለም። ዕለቱን ያላየ ሠራተኛ የሌላውንም ሰው ዕለት አያይም። ለእርሱ ዛሬና ነገ በማኅተሙ ላይ በአንድ ቍጥር ብቻ የሚለያዩ ናቸው፤ «ነገ ይመለሱ» ማለት ምንም የማያስከፍል ቃል ይመስለዋል። በፊቱ ለቆመው ገበሬ ግን ዛሬና ነገ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ዘር የሚበቅልበት፣ ሌላው ዘር የሚቀርበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሐምሌን ከነሐሴ፣ ዘርን ከአጨዳ ለይቶ የሚያውቅ ሠራተኛ፣ የትኛው ባለ ጉዳይ ማደር እንደማይችል ለማወቅ ረጅም ማመልከቻ አያስፈልገውም።

እኛም ዘግይተን አንድ ደብተር ገዛን። ከጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ፣ ከማኅተሙ አጠገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፤ «መስከረም 4 ቀን፤ ከግቢው አጥር ሥር አደይ አበባ ፈክቷል፤ በስተግራ በኩል ሦስት።» ብዙ አይደለም። ዘንድሮ ነሐሴ 10 ቀን በመጣ ጊዜ ግን፣ በሩ ላይ ዝናም የመታው ሰው ሲቆም፣ ከማኅተሙ አስቀድመን ወደ መስኮቱ አየን፤ ቀጥሎም ሰውዬውን «አባቴ፣ ማሳዎ ተዘርቷል ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። ገና አልተዘራም አሉን። ወረቀታቸውን ይዘን ወደ መዝገብ ቤት የሄድነው እኛው ራሳችን ነን፤ ከቀትር በፊትም አለቀ።